ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ

ጥቅምት ገባ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ደሞ ጋቢ ደርበንም ብርዱ አይለቀንም፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተም ወር አልፎታል፣ እና እንደየዓመቱ የዚህ ወር ደብዳቤያችሁ ከግማሽ በላይ ጉንፋን፣ ሳል፣ ጉሮሮ፣ ትንፋሽ ነው። ሁሉንም ባስተናግድ ደስ ይለኝ ነበር ግን ገፁ አይበቃም፣ ስለዚ ብዙዎቻችሁ ምትጠይቁትን የሚነኩ አምስት መርጫለሁ። ስማችሁን ትቼዋለሁ፣ የቀረው እንደጻፋችሁት ነው።

«ዶክተር ሰላም ነው? አራት ኪሎ አካባቢ ነው ምንኖረው፣ ልጄ 14 ወሩ ነው። ትምህርት ቤት ምትሄድ ታላቅ እህት አለችው፣ ከተከፈተ ጀምሮ ሲታመም ይሄ ሁለተኛው ነው፣ ንፍጥ ሳል ትኩሳት። አሁን አራተኛ ቀኑ ነው፣ ማታ ማታ ይብስበታል። ካለፈው ጊዜ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ አለኝ እሱን ልስጠው ብዬ ነበር። አማቴ ደሞ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አዋቂ ጋር ወስደሽ አስቆርጪው ካለዚያ አይለቀውም እያሉኝ ነው፣ እምቢ ካልኩ ይቀየሙኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከእንጥሉ ልጀምር፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። እንጥል አይወርድም። ጉሮሮ ሲቆጣ እሱም አብሮ ይቀላል ያብጣል፣ አፉን ከፍቶ ያየ ሰው የረዘመ ይመስለዋል፣ ጉንፋኑ ሲሄድ እብጠቱም ይሄዳል። ሲቆረጥ ግን ደሙ አልቆም ሊል ይችላል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ በምላጩ ቴታነስም ሊገባ ይችላል፣ በዚህ ምክንያት የሞቱ ሕፃናት አሉ። ከተቆረጠ በኋላ «ዳነ» የሚባለው ልጅም ሳይቆረጥ በዚያው ሳምንት ሊድን የነበረ ልጅ ነው። አማትሽን ግን አትጣያቸው፣ እሳቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ነው፣ ለልጁ ከመስጋት ነው እንዲህ ሚሉሽ። እሳቸውንም ይዘሻቸው ጤና ጣቢያ ሂጂና ነርሷ ራሷ ትንገራቸው፣ ከምራት አፍ ያልተሰማው ከነርስ አፍ ሲሆን ይሰማል፣ ብዙ ቤት አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሳሉ። ታላቅ ያለው ሕፃን በዓመት 6፣ 7፣ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ያለ ነገር ነው፣ እህቱ ከክፍል ይዛ ትመጣለች እሱ ይቀበላል። ስለዚ ሁለተኛ ጊዜ መታመሙ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ማታ መባሱም እንደዛው፣ ሲተኛ ንፍጡ ወደ ኋላ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል ያስለዋል። የሳሉ ድምፅም ያን ያህል አይነግረንም፣ ቤቱን የሚያናውጥ ሳል ያለው ልጅ ሲስቅ ታገኚዋለሽ፣ ሳሉ እምብዛም ያልሆነ ልጅ ደሞ ሳንባው ተይዞ ሊሆን ይችላል። ማየት ያለብሽ ትንፋሹን ነው።

እንዴት መሰለሽ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ተኝቶ ወይ ረጋ ብሎ እቅፍሽ ውስጥ እያለ ልብሱን እስከ ደረቱ ትገልጪዋለሽ፣ ስልክሽ ላይ አንድ ደቂቃ ትይዣለሽ፣ ሆዱና ደረቱ አንዴ ከፍ ሲል አንድ እያልሽ ሙሉውን 60 ሰከንድ ትቆጥሪያለሽ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፣ ሕፃናት ትንፋሻቸው ወጥ አይደለም፣ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 ወይ ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለው 50፣ ከ2 ወር በታች ላለው ደሞ 60። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ባለሙያዎቹ ሳንባ ምችን ሚለዩት በዚሁ ቁጥር ነው፣ ራጅም ምንም ሳይኖር። ሁለተኛ ደሞ ከጎድን አጥንቱ በታች እይ፣ አየር ሲያስገባ ደረቱ መነፋት ሲገባው ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ነገ ጠዋት አትበዪ፣ ያኔውኑ ተነሺ።

ይሄን ያህል ልብስ ግለጡ እያልኩ የምጨቀጭቀው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት የ8 ወር ልጇን ይዛ መጣች፣ ወረፋው እስከ ውጭ ድረስ ነበር፣ ልጁ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፣ ሳሉን ሰማሁ፣ ጉሮሮውን አየሁ፣ ጉንፋን ነው ብዬ ሽሮፕ ጽፌ ሸኘኋት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ባልደረባዬ ብርድ ልብሱን ፈታና ቆጠረ፣ 68። ከንፈሩ ጠቁሯል። ኦክስጅን ላይ ሆኖ ሪፈር ተጻፈለት፣ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን መጀመሪያ ቀን አንድ ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ ምናልባት እዛ ሳይደርስ በሽሮፕ አሞክሳሲሊን ቤቱ ሆኖ ይድን ነበር። ያቺ እናት አልተሳሳተችም፣ ይዛ መጥታ ነበር። ከዛ ወዲህ ልብሱን ሳልገልጥ ያየሁት ልጅ የለም።

ከአማትሽ ጋር ስታወሩ አንድ ሌላ ነገርም አስረጂያቸው፣ ምችና የሳንባ ምች ስማቸው ነው እንጂ ሌላ ሌላ ናቸው። ምች ምንለው ትኩሳትና ከንፈር ላይ ሽፍ ሚለው ነገር በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ ዳማከሴ ቢሸተትለትም ባይሸተትለትም። የሳንባ ምች ግን ሳንባ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው፣ ሕፃን ላይ በቀን በቀን ሳይሆን በሰዓት በሰዓት ሊብስ ይችላል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ እየተጨመቀለት ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ልጅ ሲመጣ በጣም አዝናለሁ።

የተረፈውን ሽሮፕ ድፊው። አሞክሳሲሊን አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ እንኳን ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፣ ጉንፋን ደሞ ቫይረስ ስለሆነ ትኩስ የተበጠበጠም ቢሆን አይሰራለትም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፣ ማለትም 10 ኪሎ ልጅ በአንዴ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ በየአራት ሰዓቱ ልዩነት፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ጠርሙሱ ላይ ስንት ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር እንደሚል አንብቢ፣ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ በወጥ ማንኪያም አትለኪ፣ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ነው። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አፍንጫው ሲዘጋ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ ሁለት ሁለት ጠብታ፣ ከዛ በንፁህ ጨርቅ መጥረግ። ዓመት ስላለፈው ማታ ሊተኛ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ትችያለሽ ሳሉን ያለዝብለታል፣ ጎረቤት ከዓመት በታች ልጅ ካለ ግን ማር ፈፅሞ እንዳይሰጡ ንገሪያቸው። ቅቤ ማዋጥም ይቅር፣ ትንታ ሆኖ ሳንባ ይገባል። የፈላ ውሃ ላይ ማጠን ደሞ ለሕፃን አይሆንም፣ ተቃጥለው የመጡ ልጆች አይቻለሁ። ጡቱን ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ ያ ነው ትልቁ መድኃኒት።

መጥባት ወይ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ስትቀሰቅሺው አልነቃ ካለ ወይ ዝልፍልፍ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሳይተኛም ሆነ ተኝቶ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ከነዚህ አንዷ እንኳን ከታየች ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፣ ከዘገየ በተገኘው ታክሲ። ትኩሳቱ ሦስት ቀን ካለፈ ደሞ ሌላ ምልክት ባይኖርም ይታይ፣ ያንቺ ልጅ አራተኛ ቀኑ ስለሆነ ዛሬ ጤና ጣቢያ ውሰጂው ነው ምልሽ። የክትባት ካርዱንም ያዢ። የሳንባ ምች ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ ይሰጣል፣ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት ወስዶ እንደሆነ ይታያል፣ 15 ወር ሲሞላው ደሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለው፣ ኩፍኝ ራሱ ሳንባ ምች ያመጣል። ቀላል ጉንፋን ይዞታል ብለሽ ክትባት አታሳልፊ።

«ዶ/ር፣ በየቀኑ ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚኒባስ ነው ምመላለሰው። መስኮት ስከፍት ሰው ሁሉ ይጮህብኛል ብርድ ገባ ብሎ። በዚህ ምክንያት በየወሩ ጉንፋን። እኔ ሲጀምረኝ ወዲያው አዚትሮማይሲን ሦስት ቀን እወስዳለሁ፣ አንዳንዴም መርፌ እወጋለሁ፣ ካልሆነ አይለቀኝም። አሁን አሁን ግን እሱም አልሰራ ብሎኛል። ከዚ ጠንከር ያለ ምን አለ?»

ወንድሜ፣ ጠንከር ያለ አልነግርህም፣ ይቅርታ። አዚትሮማይሲን ድሮም አልሰራልህም፣ ጉንፋኑ ነው በራሱ ጊዜ የሄደው። ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ብዙ ጊዜ በሦስተኛ በአራተኛ ቀን ይቀንሳል፣ ክኒንህም ልክ ሦስተኛ ቀን ላይ ያልቃል፣ ምስጋናውን እሱ ይወስዳል። ከዛ ሚቀረው ንፍጥና ሳል ሳምንት አስር ቀን ይቆያል፣ ቢጫ ወይ አረንጓዴ መሆኑም ባክቴሪያ ነው ማለት አይደለም። በየወሩ በወሰድከው ቁጥር ግን ሰውነትህ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየለመዱ ነው፣ አንድ ቀን በእውነት ሳንባህ ቢያዝ ሚሰጥህ መድኃኒት ያጥራል። ያለ ማዘዣ መሸጡ ሕጉም አይፈቅድም፣ ፋርማሲስቶቻችንም ይሄን ያውቃሉ፣ እባካችሁ እምቢ በሉን።

ስለ መስኮቱ ግን አንተ ነህ ትክክል። ጉንፋን ሚያሲዘን የሚነፍሰው ብርድ አይደለም፣ አጠገባችን የሚያስለው ሰው ትንፋሽ ነው፣ እና አስራ ምናምን ሰው የታጨቀበት ዝግ ሚኒባስ ለጉንፋንም ለኢንፍሉዌንዛም ለቲቢም እንደሱ ሚመች ቦታ የለም። አራት ጣት ያህል ብትከፈት ይበቃል። ሰውን ከማስቆጣት መስኮቱ ዳር ቁጭ ብለህ «እኔ ጉንፋን ይዞኛል እንዳላሲዛችሁ» በላቸው፣ ማንም አይከለክልህም። ራስህን ሲያምህ ደሞ ማስክ አድርግ፣ ከኮቪድ ጊዜ የተረፈ ይኖርሃል። ክረምት ላይና አሁን ሁላችንም በር መስኮት ዘግተን ስለምንቀመጥ ነው ጉንፋን ሚበዛው።

ሐኪም ጋር ምትሄደው ትኩሳቱ ሦስት ቀን ካለፈ፣ ተሽሎህ ከነበረ በኋላ እንደገና ትኩሳትና ሳል ከተነሳብህ (ይቺን ልብ በላት፣ ከጉንፋን ኋላ ሳንባ ምች ሲከተል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው ሚመጣው)፣ ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ደረትህን ከወጋህ፣ አክታህ ደም ካለው፣ ደረጃ ስትወጣ ከወትሮው በተለየ ትንፋሽ ካጠረህ። በየወሩ መያዝህ ራሱ ደሞ አንዴ መመርመር አለበት፣ ጉንፋን ሳይሆን አለርጂ ወይ ሳይነስ ሊሆን ይችላል።

«ስድስት ኪሎ ነን። የ9 ዓመት ልጃችን በዓመት ሦስት አራቴ ቶንሲል ይይዛታል። መድኃኒቱን ሁለት ሦስት ቀን ወስዳ ሲሻላት እናቆምላታለን፣ ብዙ አንቲባዮቲክ ጥሩ አይደለም ሲባል ስለምንሰማ። ቶንሲሏን ማስወጣት ይሻላል ወይ?»

ከላይ አንቲባዮቲክ አትውሰዱ ስል ቆይቼ አሁን ደሞ ጨርሱ ልላችሁ ነው፣ ግራ እንዳይገባችሁ ልዩነቱን ላስረዳ። ብዙው የጉሮሮ ህመም እንደ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ንፍጥ አለው፣ ሳል አለው፣ ድምፅ ይዘጋል፣ እሱ ሞቅ ያለ ጨው ውሃ መጉመጥመጥና ፓራሲታሞል ነው። ስትሬፕቶኮከስ ሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን ግን አመጣጡ ሌላ ነው፣ በድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምራቅ መዋጥ እስኪያቅት ህመም፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር፣ አገጭ ሥር ያሉ ዕጢዎች ሲነኩ ማመም፣ ሳልና ንፍጥ ግን የለም። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ። ይሄኛው በትክክል ካልታከመ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ሲል የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ያጠቃል፣ ሩማቲክ ፊቨር ይባላል። የልጅ ጉልበት አብጦ ከዛ ወደ ሌላው ጉልበት፣ ከዛ ወደ ቁርጭምጭሚት እየዞረ ሲያም «እድገት ነው» ይባልና ይታለፋል፣ መገጣጠሚያው ይድናል፣ ልቡ ግን ይቀራል።

ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የሕፃናት የልብ ማዕከል ደጃፍ ሄዳችሁ ወረፋ ሚጠብቁትን ልጆች ብታዩ ሲወለዱ ጀምሮ የታመሙ ብቻ አይደሉም፣ ከነሱ መሃል መጀመሪያቸው ጉሮሮ የነበረ አለ። ይሄ ነው እንቅልፍ ሚነሳኝ፣ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ሚያስቀረው ነገር ነበር። ስለዚ ሐኪም አይቶ ስትሬፕ ነው ካለ ወይ አንዷን መርፌ ጤና ተቋም ውስጥ ትወጋለች ወይ ሚዋጠውን 10 ቀን ሙሉ ትጨርሳለች፣ በሦስተኛው ቀን ብትሻልም። እስካሁን ያቋረጣችሁት ስላለ ልቧን በስቴቶስኮፕ ያዳምጧት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይ የመገጣጠሚያ እብጠት ነበረባት ወይ ተብላችሁ ስትጠየቁ በደንብ አስታውሳችሁ መልሱ። ቶንሲል ማስወጣት ሚታሰበው በአንድ ዓመት 7 ጊዜ ያህል ሲይዝ፣ ወይ ሁለት ዓመት ተከታትሎ በዓመት 5 ጊዜ፣ ወይ ሦስት ዓመት ተከታትሎ በዓመት 3 ጊዜ፣ ወይ ማታ ሲተኙ ትንፋሽ እየቆመ ሲያስቸግር ነው፣ ስለዚ ያለፉትን ዓመታት ቆጥራችሁ ለአንገት በላይ ሐኪም ንገሩት።

«እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ኢናላፕሪል ከጀመሩ አራት ወር ሆናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ደረቅ ሳል አልለቃቸው አለ። አምስት ኪሎ ጠባብ ቤት ነው ምንኖረው፣ ልጆችም አሉ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ገዝቼ ስለካ 93 አለ፣ በይነመረብ ላይ ሳይ ከ95 በታች አደገኛ ነው ይላል፣ ደነገጥኩ።»

በመለኪያው አትደንግጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ ጤነኛ ሰው ላይም 92፣ 93፣ 94 ማየት የተለመደ ነው፣ ያነበብከው ቆላ ላሉ አገሮች ነው። ከ90 በታች ከወረደ ወይም ሁሌ ከሚያሳያቸው ቁጥር ወርዶ ትንፋሽ ካጠራቸው ያኔ ነው ሚያስቸኩለው። ጣታቸው ሲቀዘቅዝ ወይ ሂና ካለበት መለኪያው ሊሳሳት ይችላል፣ እጃቸውን አሙቀህ ደግመህ ለካ።

ሁለት ወር ሳል ግን ብዙ ነው፣ በሽሮፕ ሚታለፍ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ማንም ላይ ይሁን ማን የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል፣ እናትህ ደሞ ከልጆች ጋር ጠባብ ቤት ነው ሚኖሩት። አክታ ይሰጣሉ፣ በጂን ኤክስፐርት፣ ማለትም የቲቢን ባክቴሪያ ከአክታ ውስጥ በሚለይ ማሽን ይታያል፣ በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው፣ ከተገኘም በተለመደው መንገድ 6 ወር ታክሞ ሚድን በሽታ ነው። ማታ ያልባቸዋል ወይ፣ ክብደት ቀንሰዋል ወይ ብለህ ጠይቃቸው። «ቲቢ» ስትል ይከፋቸው ይሆናል፣ የእሳቸው ትውልድ ይሄን ቃል ከብዙ ሀዘን ጋር ነው ሚያውቀው፣ ስለዚ «ለልጆቹ ሲባል እንመርመር» በላቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው ብለው ይሄዳሉ።

ከዛ ጎን ለጎን ኢናላፕሪሉን ለሐኪማቸው አንሳበት። ይሄ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ፣ ጉሮሮ ሚያሳክክ ሳል ያመጣል፣ ከጀመሩት ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ። ጊዜውም ይገጥማል። ራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት፣ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ሐኪሙ በሌላ ይቀይረዋል፣ ሎሳርታን ወይ አምሎዲፒን ሊሆን ይችላል፣ ሳሉም ብዙ ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይጠፋል። የጉንፋን ክኒን ብለው ከሱቅም ከፋርማሲም እንዳይወስዱ፣ አፍንጫ ሚከፍቱት ውስጥ ግፊት ሚጨምር አለ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከግፊት መድኃኒት ጋር ኩላሊት ይጎዳሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ በዚህ ዕድሜ ሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። በድንገት ንግግራቸው ከተዘባረቀ፣ ቀኑን ከሳቱ፣ ምግብ ከተዉ፣ ትንፋሻቸውን ስትቆጥር በደቂቃ 30 ከደረሰ፣ «ሽማግሌ ስለሆኑ ነው» ሳትል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። የጤና መድኅን ካርድ ካላችሁ ለድንገተኛ ወረቀት ፍለጋ እንዳትዘገይ፣ ለሌላው ግን በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ።

«ለገሃር አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ፣ አስም አለብኝ። ሰማያዊውን ፓፍ በቀን አራቴ አምስቴ እነፋለሁ፣ አንዱ ሦስት ሳምንት አይቆየኝም። መንገዱ ሲቆፈር አቧራው አለ፣ ከሰሉ አለ፣ እጣኑ አለ። ሥራዬን ልተው እንዳልል ሁለት ልጅ አሉኝ። በተለይ ኅዳር 12 ሲመጣ ጭንቀቴ ነው፣ ባለፈው ዓመት መርፌ ተወግቼ ነው የተረፍኩት።»

እህቴ ሥራሽን ተዪ አልልሽም። መጀመሪያ ግን ይሄን እወቂ፣ ሰማያዊው ፓፍ ሳልቡታሞል የተጨመቀውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን እብጠት አይነካውም። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገሽ አስምሽ አልተያዘም ማለት ነው፣ አንቺ በቀን አምስቴ ነሽ። የጎደለሽ ሁለተኛው ፓፍ ነው፣ ቤክሎሜታዞን ሚባለው፣ እብጠቱን ቀስ በቀስ ሚያጠፋ፣ ጤነኛ በሆንሽበት ቀንም ጠዋት ማታ ሚወሰድ። ወዲያው ስለማይሰማሽ አይሰራም ብለሽ እንዳትጥይው፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ከሳብሽው በኋላ አፍሽን ተጉመጥምጠሽ ትፊ፣ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ያወጣል። እንደ ክኒንና እንደ መርፌው ብዙ ወደ ደም አይገባም፣ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» ሚሉሽን አትስሚ፣ ይሄ ወሬ ስንቱን ሰው ለድንገተኛ ክፍል ዳርጎታል።

ፓፉም አነፋፍ አለው፣ ብዙ ሰው አፉ ውስጥ ነው ሚረጨው፣ ምላሱ ላይ ቀርቶ ሳንባ አይደርስም። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰጂ፣ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሺው፣ ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይግባ፣ በሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል ራሱ ይድረቅ። ከዛ ፓፉን በደንብ ነቅንቀሽ ትሰኪዋለሽ፣ ትንፋሽሽን ታወጫለሽ፣ የጠርሙሱን አፍ በከንፈርሽ ገጥመሽ አንዴ ትጫኚና በቀስታ በረጅሙ ትስቢያለሽ፣ እስከ አስር ቆጥረሽ ትይዢዋለሽ። ሁለተኛው ፓፍ ካስፈለገ እንደገና ከመንቀነቅ ትጀምሪያለሽ። ይሄ የድሃ ዘዴ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ተጠንቶ ልጆች ላይ ከተገዛው እኩል መስራቱ የታየ ነው።

ከሰሉን በተመለከተ፣ ውጭ አያይዘሽ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ ነው ወደ ውስጥ ሚገባው፣ ጀበናው ላይ ከላይ ሆነሽ አትጎንበሺ፣ በርና መስኮት ፊት ለፊት ክፈቺ። እጣኑን ደንበኛ ካልጠየቀ ተዪው፣ ቡናሽ ጥሩ ከሆነ ይመጣሉ። ማታ ቤት ለማሞቅ ብለሽ ከሰል ይዘሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ ግን፣ ያ ለአስም ብቻ አይደለም፣ ሽታ የሌለው ጋዝ አለው፣ ቤተሰብ ሙሉ ይገድላል።

ኅዳር 12ን በተመለከተ፣ ልማዱን አውቃለሁ እኔም ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ ጠርጌ አድጌበታለሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ያ ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ፣ አዲስ አበባን ባዶ ሊያደርጋት ሲል የጨነቃቸው ሰዎች ናቸው ከተማዋን በጭስ ያጠኗት፣ ሐዘናቸውን አከብራለሁ። ግን ያኔ ሚቃጠለው ቅጠልና ጨርቅ ነበር፣ አሁን ፌስታልና ጎማ ነው፣ ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፣ እንዳንቺ ያለውን ሰው ግን ትንፋሽ ያሳጣል። ሰፈራችሁ ውስጥ ሚያስተባብሩትን ከአሁኑ አነጋግሪያቸው፣ ይጠረግ፣ ይሰብሰብ፣ መኪና ይጫነው፣ ፕላስቲኩ ብቻ አይቃጠል። ያን ቀን ጠዋት ከተቻለ ከሰፈሩ ወጣ በዪ፣ ካልተቻለ በር ዘግተሽ ቆዪ።

ድንገት ሲነሳብሽ ቁጭ በዪ እንጂ አትተኚ፣ ሰማያዊውን በጠርሙሱ አንድ በአንድ እየሳብሽ እስከ አስር ድረስ መድረስ ትችያለሽ፣ አሁንም ካልለቀቀሽ ወይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጪ መናገር ካቃተሽ ወይ ከንፈርሽ ከጠቆረ ልጆችሽ 907 ይደውሉ፣ እስኪመጡ ፓፉን አታቋርጪ። ትልቁን ልጅሽን ዛሬውኑ አስተምሪው፣ ቁጥሩን በር ላይ ለጥፉት።

ሁለተኛውን ፓፍ ለማጻፍ ጤና ጣቢያ መሄዱ ደሞ ከዚህ ሳምንት ሚያልፍ አይደለም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ባዶ የሆኑትን ፓፎች ሰብስበሽ ይዘሻቸው ሂጂ፣ በስንት ጊዜ አንዱን እንደምትጨርሺ ሲያዩ ሁለተኛውን ለመጻፍ አያመነቱም፣ ያለውንም ፓፍ አውጪና እንዴት እንደምትስቢው ፊታቸው አድርገሽ አሳዪያቸው።